ከአባቴ በር የመጣው ቡገንቪሊያ

ሰው ስለ ግትርነቴ ሲያወራ ባለቤቴን ምስክር ይጠራል። እሱም ሳያፍር ይመሰክራል። እኔ ግን ከራሴ የባሰ ግትር አይቻለሁ። ወልቂጤ ግቢያችን ውስጥ፣ ከውጪ በሩ አጠገብ አንድ ቡገንቪሊያ ነበረን። ከአራት ዓመት በላይ ጣራውን አልፎ እስኪሄድ አደገ እንጂ አንዲት አበባ አላሳየንም።

ተራ ተክል ቢሆን ኖሮ ገና በሁለተኛው ዓመት ነቅዬ ጎመን እተክልበት ነበር። ይሄ ግን የመጣው ከቡታጅራ፣ ከአባቴ በር ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የመንገዱን አቧራ ይከላከልልኛል ብሎ የተከለው ቡገንቪሊያ ከጊዜ በኋላ በሩን ተሻግሮ ከወዲያኛው አጥር ጋር ተያያዘና በበጋ ሸክላ የመሰለ ብርቱካንማ አበባ ይለብስ ጀመር። የሰፈሩ ሁሉ ሐምራዊ ስለነበር ለእንግዳ አቅጣጫ ስንናገር "ብርቱካን አበባ ያለበት በር" ማለት ይበቃን ነበር። አባቴ እሁድ ከቸርች ሲመለስ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ እሥሩ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ያለፈውን ያገደመውን ሁሉ ሰላም ይላል። ምሳ ቀረበ ብለን ሦስቴ ካልጠራነው አይነሳም።

አባታችን ሲሞት ቤቱ ተሸጠ። ወንድሞቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ እኔ ወልቂጤ አስተምራለሁ፣ ማን ይኑርበት? አልተቃወምኩም። ቁልፉን ባስረከብንበት ቀን ግን ከቡገንቪሊያው እርሳስ የሚያካክሉ ሦስት ቅርንጫፎች ቆረጥኩና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ መኪና በቀየርኩ ቁጥር ከጭኔ ሳላወርድ ይዣቸው መጣሁ። ሁለቱ ደረቁ፣ አንዱ ያዘ። ከወር በኋላ ለአንድ ለቅሶ ቡታጅራ ብመለስ አዲሱ ባለቤት መኪና ላስገባ ብሎ በሩን አስፍቶታል፤ የአባቴ ቡገንቪሊያ ከነሥሩ ተነቅሎ ጉቶው መንገድ ዳር ተጋድሟል። ሰውየውን ምን ልበለው? ቤቱ የሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ከአባቴ በር የቀረው እኔ ግቢ ያለችው አንዲት ቀጭን ዘንግ ብቻ ሆነች።

አማቴ ከኛ ጋር መኖር የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። ባላቸው ሲያርፉ ከቸሃ ባለቤቴ አመጣቸው። የሳቸውን የቸሃ ጉራጊኛ እኔ የቡታጅራዋ በደንብ አልሰማውም፣ አማርኛቸው ደግሞ ለገበያ ያህል ነው፤ በአጭር በአጭሩ፣ በእጅና በዓይን ጭምር እንግባባለን። ስለ ተክል ሲሆን ግን ተናጋሪ እሳቸው፣ ሰሚ እኔ ነኝ። ዕድሜያቸውን በሙሉ እንሰት ሲያሳድጉ የኖሩ ሴት ናቸው። በሳቸው ቤት በረቱ ጠዋት ይጠረግና እበቱ እንሰቱ ሥር ይገባል፤ ጓሮዋ የከሳባት ሴት በመንደሩ ሰው ዓይን ልጆቿ የከሱባት ያህል ታፍራለች። ያቺን ዘንግ ሲያዩ ከንፈራቸውን መጠጡና ከጓሮ ካለችው ላማችን እበት እየዛቁ ሥሯን ሞሉት። እኔም የዕቃ እጣቢውን እየጨመርኩ አገዝኳቸው።

አደገልን ነው የምላችሁ! በሁለት ዓመት ጣራ ላይ ወጣ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ እሾሁ ጣት የሚያክል። በበሩ የሚገባ ሰው ወይ ነጠላው ይያዛል ወይ ጆሮው ይጫራል። አበባ ግን የለም። ጎረቤት በመጣ ቁጥር "መቼ ነው የሚያብበው?" ይለኛል፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "ዘንድሮ" እላለሁ። ባለቤቴ "የሴትዮዋ እሾህ" የሚል ስም አወጣለት።

በአራተኛው ዓመት የቀበሌ ሰዎች ስብሰባ ጠርተው መንገዳችን ኮብልስቶን ሊነጠፍ ነው አሉ። ሰፈሩ አበደ። አጥሩን ወደ ሱቅ ለመቀየር ያላሰበ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ አናጺ ነው፤ የሠራው ሶፋና አልጋ ጓሮ ተከምሮ ሰው ሳያየው አቧራ ይጠጣል። ከስብሰባው እንደተመለሰ ሜትሩን አውጥቶ የፊት ለፊቱን አጥር ለካና ዕቃውን የሚያሳይበት ክፍል እዚያ እንደሚሠራ ነገረኝ። ቡገንቪሊያው የቆመው ልክ የክፍሉ በር በሚሆንበት ላይ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ተክሉ የአባቴ መሆኑንም ያውቃል። ያብብ ቢሆን እኮ ሌላ ዘዴ እንፈልጋለን፣ ለማያብብ እሾህ ግን እንጀራችንን ለምን እንዘጋለን ነው የሚለው።

እልህ ያዘኝ። "እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጠኝ። እስከዚያ ካላበበ ዶማውን ራሴ አቀብልሃለሁ" አልኩት። ሳቀ። ቃሌን እንደማላጥፍ ግን ያውቃል።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ ነበር፣ ቡታጅራ ሄድኩ። እዚያ ችግኝ ጣቢያ የሚሠሩ አንድ የስልጤ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባቴ ሱሪያቸውን ይሰፋላቸው ስለነበር ያውቁኛል። ተክሉን እንዴት እንደያዝኩት አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እበቱን ስጠራ ሳቅ ጀመራቸው፣ እጣቢው ላይ ስደርስ ጉንጫቸውን ይዘው ሳቁ። "ልጄ፣ እንሰት መሰለሽ እንዴ? ይሄ ጠግቦ ነው ያላበበው" አሉኝ። ክረምቱ ሲወጣ ቅርንጫፉን ቆራርጪው፣ እበት የሚባል አይይ፣ ቅጠሉ እስኪጠወልግም ውኃ አታቅምሺው፤ ሲጨንቀው ያኔ ያብባል አሉ። አባትሽም ውኃ ሲያጠጣው አይቼ አላውቅም ብለው ጨመሩልኝ። እውነት ነው፤ አባቴ እሥሩ ከመቀመጥ በቀር ለዚያ ተክል ያደረገለት ነገር ትዝ አይለኝም።

መስቀል እንዳለፈ መጋዝ አነሳሁ። እጄ እስኪደማ ቆረጥኩት፤ ከጣራ አውርጄ ቁመቴን አሳከልኩት። ማታ እራት ላይ ለቤተሰቡ አዋጅ አወጣሁ፦ ከዛሬ ጀምሮ እበትም ሆነ ውኃ ለዚህ ተክል የሚሰጥ ከኔ ጋር ተጣላ ማለት ነው። ባለቤቴ "አቤት ጭካኔ" ብሎ ቀለደ። አማቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"ይጠማዋል?"

"አዎ እማማ፣ ይጠማዋል። ያኔ ነው የሚያብበው" አልኳቸው።

ለረጅም ጊዜ አዩኝና ዓይናቸውን ወደ ሳህናቸው መለሱ። እኔ እሺ ያሉኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ኅዳር ገባ፣ ምንም የለም። ታኅሣሥ፣ ምንም የለም። በጥር ግቢው ተሰነጣጠቀ፣ የአጥሩ ሣር ሁሉ ገረጣ፣ እሱ ግን በላይ በላዩ አዲስ ቅጠል ያወጣል። እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም። ደግሜ ቆረጥኩት። ጎረቤታችን ግንዱ ላይ ሚስማር ምቺበት አለችኝ፣ መታሁ። ሌላዋ ደግሞ ተክል ሲያስፈራሩት ይሰማል ብላኝ አንድ ጠዋት ሻሼን እንኳ ሳላስር ዶማ ይዤ ወጥቼ ሰደብኩት። ባለቤቴ በመስኮት ሲያየኝ ነበረ፤ ለስንት ጊዜ እንደሳቀብኝ አትጠይቁኝ። እኔ ግን የማለቅስበት እንጂ የምስቅበት አልነበረኝም። እስከ ፋሲካ በቀረኝ ሳምንት ሁሉ ያ በር፣ ያ በርጩማ፣ የአባቴ ሰላምታ ከሆዴ አልወጣም።

በመጋቢት ወደ ሽማግሌው ተመለስኩና ምክርዎ አልሠራም ብዬ ተቆጣሁ። ሰምተውኝ ሲያበቁ "ሰው ያጠጣዋል" አሉኝ። በኔ ግቢ? ማን ደፍሮ? ብዬ ተከራከርኩ። "እኔ ሰውየውን አላውቀውም። ተክሉን ግን አውቀዋለሁ" አሉ። ቤት ገብቼ ሁሉንም ጠየቅሁ። ባለቤቴ በሰማይ በምድር ማለ። አማቴ ተክሉን ሲያጠጣ ያዩት ሰው እንደሌለ ነገሩኝ። ያሉት ውሸት አልነበረም፤ የገባኝ ግን ኋላ ነው።

ፋሲካ አለፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብሎኬቱ ተራግፎ በአጥሩ ሥር ተደረደረ። ባለቤቴ ከኔ አፍ እየጠበቀ ቆመ። ጓሮ ሄጄ ዶማውን አመጣሁና እጀታውን ወደሱ አዙሬ ሰጠሁት። "ይቅር ካልሽ ይቅር" አለኝ ቀስ ብሎ። ቃሌ ቃል ነው አልኩት። ፊቴን ግን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

አንዴ መታ፣ ሁለቴ መታ። በሦስተኛው አንድ ወፍራም ሥር ሲበጠስ ሰማሁ፤ ከዚያ ዶማው ቆመ። ዘወር ስል ባለቤቴ አጎንብሶ ጉድጓዱን ያያል። ግቢው በሙሉ እንደ ሸክላ ደርቆ ሳለ ከዚያ ጉድጓድ የወጣው አፈር ጥቁርና ርጥብ ነበር፤ ከነጭዱ ያለ፣ የትናንት የሚመስል እበት አለበት። ቀና ብሎ "አንቺ ነሽ?" አለኝ። እኔ!

አማቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ከበረንዳው ወረዱ። ቀጥ ብለው መጥተው በተክሉና በዶማው መካከል፣ ከተቆፈረው አፈር ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ነኝ። እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ እኔ ነኝ የማበላው" አሉ።

ንዴቴ ሁሉ ተነሳ። አማት ናቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ አልቆጠብኩም። "ለምን እማማ? ስለፋ እያዩኝ! ሊነቀል እንደሆነ እያወቁ! ለምን?" አልኳቸው።

አማርኛቸውን ፈልገው ፈልገው፣ እንዲህ አሉኝ። "እንሰት ሲያብብ አይተሻል? አበባው ከመሃል ይወጣል። ከዚያ ይሞታል። የባልሽ አባት የታመሙ ጊዜ፣ እንሰቱን ሳያብብ ቆርጦ የሚፍቅ ጠፋ። አምስቱ አበቡብኝ። አምስቱም ደረቁ። እሳቸውም ሄዱ። አንቺ ይሄን አስጠምተሽ፣ ቆራርጠሽ፣ አበባ አውጣ አልሽው። የአባትሽ ነው። ሌላ የለሽም። አብቦ ከሚሞትብሽ፣ ሳያብብ ይኑርልሽ ብዬ ነው።"

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ዱባ ሲያብብ አይተዋል፣ ጽጌረዳም ሲያብብ አይተዋል፤ ያ ሁሉ በራሱ ጊዜ ነው። በጥማት የተገደደ ተክል ግን የሚያብበው ሊሞት ሲል ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር። ያን ሁሉ ወር እኔ የአባቴን ተክል ለማዳን ስታገል፣ እሳቸውም ከኔ እጅ ሊያድኑት ይታገሉ ነበር። ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ አጠገባቸው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው በራሳቸው ቋንቋ ብዙ ተናገሩት። ከገባኝ ግማሽ ውስጥ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያለፈውን ጊዜ በተክሉ ላይ አትቁጠርበት፣ ከዛሬ ቁጠርለት የሚል ነበረበት። ባለቤቴ ዶማውን አስቀመጠና ያወጣውን አፈር በእጁ መልሶ ከደነው። ብሎኬቱን በሸራ ሸፍኖ "አንድ በጋ" አለኝ። "አንድ በጋ ብቻ።"

በመስከረም ለመስቀል ሁላችንም ቸሃ ወረድን። በዓሉ አልፎ ልንመለስ ስንል አማቴ እዚያው እንደሚቆዩ አስታወቁ፤ ትንሹ ልጃቸው ቤት፣ የድሮው ጓሯቸው ውስጥ። ያዘኑብኝ መስሎኝ ደነገጥኩ። "ካየሁት እጄ አያርፍም" አሉኝ። ያን የማበላበትን ባልዲዬን ደፍተሽ አስቀምጪልኝ ብለው አዘዙኝ። ወልቂጤ ስገባ መጀመሪያ ያደረግሁት እሱን ነው።

ያ በጋ የኔ ፈተና ሆነ። እሳቸው ሲያጠጡት ለነበረው ተክል ጥማት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅሁት። ቅጠሉ መጀመሪያ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ በየጠዋቱ የሚጠረግ ሆነ። ሥሩም አንዱ ተቆርጧል። በኅዳር መጨረሻ እሾህ የለበሰ እንጨት ብቻ ቆሞ ነበር። ገደልኩት አልኩ። አንድ ጠዋት ጆግ ሙሉ ውኃ ይዤ እሥሩ ደርሼ ነበር። ጎንበስ ብያለሁ። አማቴ ቸሃ የተቀመጡት ምን እየሸሹ እንደሆነ ያን ጊዜ በደንብ ገባኝ። ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩና ውኃውን ጎመኑ ላይ ደፋሁት።

ታኅሣሥ ሊጋመስ ሲል ወደ ሥራ ልወጣ በሩን ስከፍት ነጠላዬን እሾህ ያዘኝ። ላላቅቀው ዞር ስል ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የጥፍር ያህል ነገር አየሁ። ቅጠል መሰለኝ። ቀረብ ብዬ አየሁት። ሸክላ የመሰለ ብርቱካንማ ነው። እዚያ ጎን ሌላ፣ ከበላዩ ሌላ ሦስት። በረንዳው ላይ ያለውን በርጩማ አምጥቼ እሥሩ ተቀመጥኩና ነጠላዬን እንደለበስኩ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አንድ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ሰላም አለኝ፣ እኔም ሰላም አልኩት። የዚያን ቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ አለፈኝ፤ ርዕሰ መምህሩ የተናገረኝ አንዱም አልገባኝም።

ባለቤቴ ሲያየው ጭንቅላቱን አከከና ሜትሩን አወጣ። ክፍሉን በሁለት እርምጃ አሳጥሮ፣ በሩን ወደ ወዲያኛው ጫፍ አዛወረው። ብሎኬት ተረፈን እያለ ለጥቂት ቀን አጉረመረመ እንጂ ደስ ብሎት ነበር። በወንድሙ ሞባይል ደውሎ ለአማቴ አስነገረ።

ለገና መጡ። ያኔ ተክሉ በአጥሩ ላይ አንድም ቅጠል ሳይኖረው ከላይ እስከ ታች ብርቱካን ለብሶ ነበር፤ ሰፈርተኛው ቆሞ ያየው ነበር። አማቴ ከሚኒባስ ወርደው በሩ ላይ ቆሙ። እልል ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ሻንጣቸውን ተቀብዬ ሳስገባ እጄን ያዙኝ።

"ስንት ቀን ቀረው?" አሉኝ።

አይሞትም እማማ፣ እንዲህ ዓይነቱ በየዓመቱ ነው የሚያብበው፣ አባቴ በር ላይ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ ብዬ ማልኩላቸው። አላመኑኝም። ባልዲውንም አልነኩም፤ ራሳቸው ያስደፉት ነው። በየቀኑ ግን በርጩማውን ወስደው አጠገቡ ይቀመጡ ነበር፤ ሰው ለጠና ታማሚ እንደሚያደርገው። በመጋቢት አበባው መርገፍ ሲጀምር ያ ወረቀት የመሰለ ነገር ግቢውን ሞላው። መጥረጊያውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ጠረጉት፣ አጠራቅመውም አልጣሉትም፤ ጎመኑ ሥር ቀበሩት። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ጥግ አልሄዱም። እኔም ማልኩ እንጂ የራሴ ልብ አላረፈም ነበር፤ ቡታጅራ የነበረው የአባቴ ተክል እንደዚህኛው ሥሩ በዶማ አልተመታም።

በሚያዝያ የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ዘበኛው መጥቶ ሰው ይፈልግሻል አለኝ። ብወጣ አማቴ ናቸው። ወልቂጤ በኖሩበት ዘመን ትምህርት ቤቴን ረግጠው አያውቁም፤ መንገዱን እየጠየቁ፣ በጭቃው፣ በምርኩዛቸው መጥተዋል። ሰው የሞተ መስሎኝ ሮጬ ደረስኩባቸው። ምን ተፈጠረ ስላቸው መዳፋቸውን ከፈቱልኝ። የጤፍ ያህል እንኳ የማትከብድ፣ ቀይ ለጋ ቀንበጥ ናት።

"አብቦም አልሞተም" አሉኝ። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር። ከዚያ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለአንድ ነገር ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው፣ "አሁንስ ትንሽ ላብላው?" አሉኝ።

ክፍሌን ለጓደኛዬ አደራ ብዬ አብሬያቸው ወጣሁ። ቤት እንደደረስን የተደፋውን ባልዲ አነሳሁና፣ እበት ሞልቼ ከበረቱ እስከ በሩ እኔ ተሸከምኩላቸው።